«200 ሜትር» የሚል አሮጌ ሰዓት ሻወር ላይ ለምን ውሃ ያስገባል? የድሮ የጠላቂ ሰዓቶች ቀፎ በንጽጽር



ከአባቱ የጠላቂ ሰዓት የወረሰ፣ ወይም ከኦንላይን ገበያ አሮጌ ሴይኮ የገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ፊቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። «150 ሜትር» ወይም «200 ሜትር» ይላል። «ይሄማ ባሕር ውስጥ የሚገባ ነው፣ የቤት ሻወር ምን ያደርገዋል?» ብሎ እጁ ላይ እንዳሰረው ይታጠባል። በማግስቱ መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ቋጥሮ ያገኘዋል። ትንሽ ቆይቶ ቀስቶቹ ዝገው ይቆማሉ።

ሰዓቱ ዋሽቶ አይደለም። ያ ቁጥር የተጻፈው ሰዓቱ ከፋብሪካ ለወጣበት ቀን ነው። ውሃን የሚከለክለው ብረቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከ50 ዓመት በኋላም ይሠራ ነበር። ግን ከብረቱ ጀርባ አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ሜካኒኮች «ጎሚኒ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ታረጃለች።

የድሮ ሰዓት ሠሪዎች ይህን ችግር በተለያየ መንገድ ሊፈቱት ሞክረዋል። ዛሬ ዋና ዋናዎቹን የቀፎ ዓይነቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። የትኛው ምን ጥንካሬ አለው? በየት በኩል ይደክማል? አሮጌ ስትገዙስ ምን ማየት አለባችሁ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ፦ ውሃ በየት ይገባል?

አንድ የእጅ ሰዓት ሦስት በሮች አሉት። አንደኛው መስታወቱ ከቀፎው ጋር የሚገጥምበት ዙሪያ ነው። ሁለተኛው የጀርባ ክዳኑ ነው። ሦስተኛዋ በጎን በኩል ያለችው መሙያ ናት፤ ማለትም ሰዓቱን የምንሞላባትና የምናስተካክልባት ትንሿ ተሽከርካሪ ቁልፍ።

ከሦስቱ አስቸጋሪዋ መሙያዋ ናት። ዘንጓ ቀፎውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ላይ መዞር አለባት። የሚዞር ነገር በዙሪያው ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተት ካለ ደግሞ ውሃ መንገዱን አያጣም።

አሁን ግፊቱን አስቡት። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ገደማ ጭነት ይጨመራል። ስለዚህ 100 ሜትር ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ወደ 70 ኪሎ ይሸከማል። አንድ ትልቅ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሰዓታችሁ ላይ ቆመ ማለት ነው።

🔹 1. ሰዓትን በሌላ ቀፎ ውስጥ መክተት፦ ኦሜጋ ማሪን (1932)

ኦሜጋ በ1932 ያወጣው «ማሪን» የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ሰዓት ነገሩን በቀላል ሐሳብ ነው የፈታው፤ አስቸጋሪዋን በር ጠቅላላ መደበቅ። ሰዓቱ ከነመሙያው ሌላ ቀፎ ውስጥ ተንሸራቶ ይገባል፣ ውጨኛው ቀፎም ይቆለፋል። መሙያዋ ውስጥ ስለቀረች ውጨኛው ቀፎ ላይ የዘንግ ቀዳዳ የለም።

ሠርቷል ወይ? አዎ። በ1936 ጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ 73 ሜትር ድረስ ወርዶ ደረቅ ሆኖ ወጣ። በ1937 ደግሞ ኑሻቴል ባለው የስዊዘርላንድ የሰዓት ቤተ ሙከራ ለ135 ሜትር ግፊት ብቁ መሆኑ ተረጋገጠ።

ድካሙ ግልጽ ነው። ሰዓቱን መሙላት ወይም ማስተካከል ስትፈልጉ በእያንዳንዱ ጊዜ ከቀፎው ማውጣት አለባችሁ። ለዕለት ተዕለት ኑሮ አይመችም። ያም ሆኖ ለጠላቂዎች ተሠርተው ገበያ ላይ ከዋሉት የእጅ ሰዓቶች ቀዳሚው ተደርጎ ይቆጠራል።

🔹 2. ሁሉንም በጥርስ ማጥበቅ፦ ሮሌክስ ኦይስተር (1926) እና ሰብማሪነር (1953)

ሮሌክስ በ1926 ያስተዋወቀው ቀፎ ስሙን ያገኘው ዛጎሉን ጥርቅም አድርጎ ከሚዘጋው የባሕር እንስሳ ነው። የጀርባ ክዳኑ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቀለበትና መሙያዋ ሦስቱም ልክ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ እየዞሩ ይጠብቃሉ። በተለይ በጥርስ የምትዘጋው መሙያ ትልቅ እርምጃ ነበረች። ከሞላችሁ በኋላ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ታዞሯታላችሁ፤ ቀፎው ላይ ተጣብቃ ትዘጋለች።

የማስታወቂያው ታሪክም የታወቀ ነው። እንግሊዛዊቷ ዋናተኛ መርሴዲስ ግላይትሰ ጥቅምት 1927 የእንግሊዝን ቻናል በዋና አቋረጠች። ሌላ ሴት በሐሰት «እኔም አቋርጫለሁ» በማለቷ ግን በግላይትሰ ስኬት ላይም ጥርጣሬ ተነሳ። እሷም በዚያው ወር ለሁለተኛ ጊዜ ውሃው ውስጥ ገባች፤ በዚህኛው ሙከራ ኦይስተር ሰዓት ይዛ ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ከ10 ሰዓት በላይ ከዋኘች በኋላ ሳትጨርስ አወጧት። ሰዓቱ ግን ይሠራ ነበር። ኅዳር ላይ ሮሌክስ ታሪኩን በዴይሊ ሜይል ጋዜጣ የፊት ገጽ አስታወቀ።

ልብ በሉ፣ ያ ፈተና የጥልቀት አልነበረም። ውሃው ላይ ለብዙ ሰዓት የመቆየት ፈተና ነው። ለጠላቂዎች የተሠራውና 100 ሜትር የሚቋቋመው ሰብማሪነር የመጣው በ1953 ነው። ቀፎው የቆመው በዚያው በጥርስ የማጥበቅ ሐሳብ ላይ ነው።

ድካሙ ምንድነው? ሰው ይረሳል። መሙያዋን ሳታጠብቁ ውሃ ከገባችሁ የቀፎው ጥንካሬ ብዙም አይጠቅማችሁም። ሌላው ደግሞ ጥርሱ ነው፤ ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ያልቃል። አሮጌ ሰዓት ላይ መሙያዋ ስትጠብቅ «ከረር» ካላለች ወይም ዝም ብላ የምትዞር ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጣልያኑን ፓኔራይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ለጣልያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ሰዓት ያቀርብ የነበረው ይህ ድርጅት መሙያዋን በጥርስ ከማጥበቅ ይልቅ በላይዋ ድልድይ ሠራላት። ድልድዩ ላይ ያለው ማንሻ ሲታጠፍ መሙያዋን ወደ ቀፎው ገፍቶ ይይዛታል። የሚያልቅ ጥርስ የለም፤ ማንሻው ክፍት ከሆነም ከሩቅ ይታያል።

🔹 3. ጎሚኒዋን መንከባከብ፦ ብላንፓ ፊፍቲ ፋተምስ (1953)

በዚያው በ1953 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ዋናተኛ ተዋጊዎች መሪዎች ሮበር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ ለተልዕኮ የሚሆን ሰዓት እየፈለጉ ነበር። ብላንፓን ይመራ የነበረው ዣን ዣክ ፊሽተር ደግሞ ራሱ ጠላቂ ነው። አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሳለ ጊዜው ጠፍቶበት አየር ሊያልቅበት ደርሶ ያውቃል። የሁለቱ ወገን ፍላጎት ተገናኘና ፊፍቲ ፋተምስ ተወለደ። ስሙ 50 ፋተም ማለት ነው። ፋተም የባሕርተኞች መለኪያ ሲሆን ሃምሳው ወደ 91 ሜትር ይሆናል።

ፊሽተር ያተኮረው ጎሚኒዋ ላይ ነው። የጀርባ ክዳን በጥርስ ሲጠብቅ ከሥሩ ያለችውን ጎሚኒ አብሮ እየጎተተ ያጣምማታል። የተጣመመች ጎሚኒ ደግሞ ታስገባለች። እሱ ለጎሚኒዋ ማረፊያ ቦይ ሠራላትና በላይዋ ተጨማሪ የብረት ዝርግ አስቀመጠ። ክዳኑ የሚዞረው ብረቱ ላይ ነው፤ ጎሚኒዋ ሳትጣመም ቀጥ ብላ ትጨመቃለች። መሙያዋ ላይ ደግሞ በአንድ ፈንታ ሁለት ጎሚኒ አደረገ። ሰዓቱ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ እንዲሆን የመረጠውም በምክንያት ነው፤ መሙያዋ ብዙ ካልተነካች ጎሚኒዎቿ ቶሎ አያልቁም።

በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የሚዞር ቀለበትም ጌጥ አይደለም። ጠላቂው ሲገባ ዜሮውን ከደቂቃ ቀስቱ ጋር ያገጥመዋል፤ ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በአንድ እይታ ያነባል። ቀለበቱ ሳይታወቅ ቢዞር ጠላቂው አየሩን በተሳሳተ ሒሳብ ይጠቀማል፣ ይህ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ የብላንፓ ቀለበት ካልተጫኑት እንዳይዞር ተደረገ። ዛሬ ብዙዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞሩት በዚሁ ስጋት ነው፤ ተገጭቶ ቢዞር እንኳ የቀረውን ጊዜ ያሳንሳል እንጂ አይጨምርም።

🔹 4. ጠላትን አጋዥ ማድረግ፦ ሱፐር ኮምፕረሰር እና ቮስቶክ አምፊቢያ

እስካሁን ያየናቸው ግፊቱን ይከላከላሉ። እነዚህኞቹ ግን ግፊቱን ራሱን ሥራ ያሠሩታል። በእኛ ዕይታ ከሁሉም የሚያስደንቀው ሐሳብ ይሄ ነው።

• ኮምፕረሰር፦ በስዊዘርላንድ ኤርቪን ፒኬሬዝ የተባለ ቀፎ ሠሪ ድርጅት (በምህጻሩ «ኤፕሳ») በ1950ዎቹ ሞላ ያለበት የጀርባ ክዳን ሠራ። ውሃው ሲገፋ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይጠጋና ጎሚኒዋን ይበልጥ ይጨምቃታል። በጠለቃችሁ ቁጥር ይበልጥ ይዘጋል። ወደ ላይ ስትወጡ ጎሚኒዋ ትላላለች፤ ሁልጊዜ ተጨምቃ ስለማትኖር ዕድሜዋ ይረዝማል።

ኤፕሳ ቀፎውን ለብዙ ድርጅቶች ይሸጥ ነበር። ሎንጂንስ፣ ዤገር ሌኩልትር፣ ኤኒካር፣ ዩኒቨርሳል ዤኔቭና ሌሎችም ተጠቅመውበታል። ብዙዎቹ ሱፐር ኮምፕረሰሮች ሁለት መሙያ አላቸው፤ አንዷ ሰዓቱን ስታስተካክል ሌላዋ ከመስታወቱ በታች ያለውን የደቂቃ ቀለበት ታዞራለች።

ድካሙ ምንድነው? ግፊቱ የሚያግዘው የጀርባ ክዳኑን ነው። ሁለቱ መሙያዎች ብዙውን ጊዜ በጥርስ አይዘጉም፤ በራሳቸው ጎሚኒ ነው የሚተማመኑት። በዚያ ላይ አንድ ቀዳዳ ተጨምሯል ማለት ነው።

ገበያ ላይ ደግሞ አንድ ማጭበርበሪያ አለ። ሁለት መሙያ ያለውን ሁሉ «ሱፐር ኮምፕረሰር» ብለው ይሸጡታል። ትክክለኛው የኤፕሳ ቀፎ በጀርባ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የጠላቂ የራስ ቁር ምልክት ይኖረዋል። ሻጩን የተከፈተ ክዳን ፎቶ ጠይቁት።

• ኦሜጋ ሲማስተር 300 (1957)፦ የዚህ ሰዓት መሙያ «ናያድ» ትባላለች። በጥርስ አትዘጋም፤ የውሃው ግፊት ወደ ቀፎው እንዲገፋት ታስባ ነው የተሠራችው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ጥልቀቱ ሲያንስ የሚገፋው ኃይልም ማነሱ ነው። ዋና ገንዳ ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ ብልሃት ብዙም አይጠቀምም።

• ቮስቶክ አምፊቢያ (1967)፦ ይሄ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት፣ በካማ ወንዝ ዳር ካለችው ቺስቶፖል ከተማ ነው። ሚካኢል ኖቪኮቭና ቬራ ቤሎቫ የተባሉ ባለሙያዎች የነደፉት ሲሆን 200 ሜትር ይቋቋማል። በጥቃቅን ልኬት ከመራቀቅ ይልቅ ቀላልና ወፍራም ክፍሎችን መረጡ።

መስታወቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አክሪሊክ ነው። ግፊት ሲበዛበት በትንሹ ይለጠጥና ከቀፎው ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። የጀርባ ክዳኑ ሁለት ክፍል ነው፤ አንድ ዝርግ ክዳን አለ፣ በላዩ ደግሞ በጥርስ የሚጠብቅ ቀለበት። ክዳኑ አብሮ ስለማይዞር ጎሚኒዋ አትጣመምም። ጎሚኒዋም ሰፊና ወፍራም ናት። መሙያዋ ስትፈታ ትወላወላለች። ይሄን ያየ አዲስ ገዢ «ተሰብሯል!» ብሎ ይደነግጣል። አልተሰበረም፤ መሙያዋ ብትመታ ዘንጉ እንዳይጣመም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

አምፊቢያ ዛሬም ይሠራል፤ ከስዊዘርላንዶቹ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው በጣም ዝቅተኛ ነው። ጥሩ ቀፎ የግድ ውድ መሆን እንደሌለበት ማሳያው እሱ ነው።

🔹 5. በር መቀነስ፦ ኦሜጋ ፕሎፕሮፍ (1970) እና ሴይኮ (1975)

በ1960ዎቹ አዲስ ችግር መጣ፤ የዚህኛው ጠላት ውሃ አልነበረም። ባሕር ሥር ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለቀናት ወይም ለሳምንታት በተጨመቀ አየር ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ። የሚተነፍሱት ደግሞ ሂሊየም የተቀላቀለበት ነው። ሂሊየም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጎሚኒዋን ጭምር አልፎ ቀስ እያለ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል። የክፍሉ ግፊት ሲቀንስ ግን በገባበት ፍጥነት መውጣት አይችልም። ከውስጥ ገፍቶ መስታወቱን ያስፈነጥረዋል።

ሮሌክስ በ1967 ሂሊየሙ የሚወጣባት ትንሽ ቫልቭ ቀፎው ጎን ላይ ይዞ ቀረበ። ሲድዌለር የሚባለው ሰዓት በዚህ ይታወቃል። ዶክሳም ተመሳሳይ መፍትሔ ተጠቅሟል።

ኦሜጋ ተቃራኒውን መረጠ፤ ከነጭራሹ እንዳይገባ። የ1970ው ፕሎፕሮፍ ቀፎ ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለ ነው። የጀርባ ክዳን የለውም፤ አንዱ በር ተዘጋ ማለት ነው። 600 ሜትር ይቋቋማል። ድካሙ ክብደቱና ግዝፈቱ ነው። ለጥገና ሲከፈትም ሞተሩ የሚወጣው በመስታወቱ በኩል ስለሆነ ለማንም ሰዓት ሠሪ አይሰጥም።

የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓት ያወጣው በ1965 ሲሆን 150 ሜትር ይቋቋም ነበር። በ1968 በሂሮሺማ አውራጃ ኩሬ ከተማ የሚኖር ባለሙያ ጠላቂ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰዓቶቻችሁ የእኛን ሥራ አይችሉም አለ። ኢኩኦ ቶኩናጋ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ለሰባት ዓመት ሠሩበት። በ1975 የወጣው ሰዓት ከታይታኒየም የተሠራ አንድ ወጥ ቀፎ አለው፤ በላዩም መከላከያ ሽፋን ተደርጎለታል። ጎሚኒው ቅርጹ እንደ ማዕዘን የታጠፈ ሲሆን ሂሊየሙን ያለ ቫልቭ ይከለክላል። ለዚህ ሁሉ መነሻው የአንድ ተጠቃሚ ቅሬታ መሆኑን አትርሱ።

🔹 በአጭሩ ሲነጻጸሩ

• ቀፎ በቀፎ (ኦሜጋ ማሪን)፦ ይዘጋል፣ አይመችም።
• በጥርስ (ኦይስተር፣ ሰብማሪነር)፦ ጠንካራና ቀላል። ሰው ከረሳ ወይም ጥርሱ ካለቀ ያስገባል።
• ጎሚኒን መጠበቅ (ፊፍቲ ፋተምስ)፦ ክዳኑ ሲዘጋ የሚመጣውን ጉዳት ቀነሰ። ጎሚኒዋ ግን ያው ታረጃለች።
• ግፊትን መጠቀም (ኮምፕረሰር፣ ናያድ፣ አምፊቢያ)፦ ጥልቀት ላይ ይበረታል። ጥልቀት ሳይኖር ሥራው ሁሉ የጎሚኒዋ ነው።
• አንድ ወጥ ቀፎ (ፕሎፕሮፍ፣ ሴይኮ 1975)፦ በሩ ትንሽ ነው። ጥገናው ከባድ ነው።

አያችሁ? በሁሉም ውስጥ የመጨረሻዋ ዘብ ያቺው ጎሚኒ ናት። ለዚህ ነው «የትኛው ይበልጣል?» ከሚለው በፊት «ጎሚኒው መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

🔹 አሮጌ የጠላቂ ሰዓት ስትገዙ ወይም ስትወርሱ

1. ፊቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ታሪክ አንብቡት። አይሶ 6425 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂ ሰዓት መመዘኛ የወጣው በ1982 ነው። በመመዘኛው መሠረት ሰዓቱ ቢያንስ 100 ሜትር መቋቋምና ከተጻፈበት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት መፈተሽ አለበት። ከዚያ በፊት የተሠሩት ቁጥራቸውን ያገኙት ከየድርጅቱ የራሱ ፈተና ነው።

2. ጎሚኒዎቹን በሙሉ አስቀይሩ። የጀርባውን ብቻ ቀይሮ የመሙያዋን የሚተው ሰዓት ሠሪ አለ። ጠይቁ።

3. የጎሚኒዋን መቀመጫ እዩ። ቀፎው ላይ ያለው ቦይ በዝገት ከተበላ አዲስ ጎሚኒም አይረዳም። መስታወቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለም እንደዚያው።

4. በደረቅ አስፈትሹ። ሰዓቱን በአየር ግፊት የሚፈትሽ መሣሪያ አለ፤ ቀፎው ካስገባ ሰዓቱ ውሃ ሳይነካው ይታወቃል። «ባልዲ ውስጥ ከትተን እንየው» የሚላችሁን እሺ አትበሉት፤ ካስገባ የሚያልቅለት ሰዓቱ ነው። ውሃ ውስጥ የምትጠቀሙበት ከሆነ ፍተሻውን በየዓመቱ ድገሙት።

5. ተለቃቅሞ የተገጣጠመ እንዳይሆን። በተለይ ከ1976 እስከ 1988 የተሠራውን ሴይኮ 6309 የመሰለ ተወዳጅ ሰዓት ከተለያየ ቦታ በመጣ ዕቃ ይገጣጥሙታል። ሲያዩት ያምራል፤ ክዳኑና ቀፎው ግን በልክ ላይገጥሙ ይችላሉ።

6. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከሆነ ራሳችሁ አትክፈቱት። በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ቀለም ራዲየም ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አላቆመም፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። አደገኛው ነገር ብናኙን መተንፈስ ወይም መዋጥ ነው። አትፋቁት፣ አትቦርሹት።

7. ሙቅ ሻወር፣ ሳውናና ሳሙና ይቅርባችሁ። ሙቀትና ሳሙና ጎሚኒን ያደክማሉ፤ ጎማና ብረትም ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ውሃ ውስጥ ደግሞ መሙያዋን በፍጹም አትንኩ።

🔹 ይሄ ነገር ስልካችሁንም ይመለከታል

«አይፒ68» የሚል ስልክ የያዛችሁ፣ ታሪኩ አንድ ነው። ስልኩን ከውሃ የሚጠብቁት ማጣበቂያና ትናንሽ ጎሚኒዎች ናቸው። ስልክ አምራቾች ራሳቸው ውሃ የመቋቋም አቅሙ ቋሚ እንዳልሆነና በአጠቃቀም እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ስክሪኑ ወይም ባትሪው አንዴ ተቀይሮ ማጣበቂያው በደንብ ካልተመለሰ ደግሞ ያ ቁጥር ወረቀት ላይ የቀረ ነው።

ስለዚህ የአባታችሁን ሰዓት አስራችሁ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ከመውረዳችሁ በፊት አንዴ ሰዓት ሠሪ ጋ ጎራ በሉ። ካልተመቻችሁ ደግሞ ፎጣው ላይ አስቀምጡትና ዋኙ። ለ50 ዓመት የቆየ ነገር አንድ ከሰዓት ቢጠብቃችሁ ምንም አይሆንም።

የወረሳችሁት የጠላቂ ሰዓት ካለ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ በኮሜንት ላኩልን፤ የትኛው የቀፎ ዓይነት እንደሆነ አብረን እናያለን። አሮጌ ሰዓት ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሼር አድርጉለት።

#ሰዓት #ቴክኖሎጂ #ይጠቅማችኋል